የዋሻው ሰውዬ ለቅሶ

ባለፈው ዓመት ሰፈራችን ከክርስቶስም ከነቢዩም በፊት ለሞተ ሰው ድንኳን ጣለ። እያጋነንኩ አይደለም። ድንኳኑ ጅማ፣ አወቱ መንደራ ሰፈር፣ እኛ በር ላይ ተተክሎ፣ አግዳሚው ተደርድሮ፣ ንፍሮው ተቀቅሎ፣ ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ እየገባ ሲቀመጥ በዓይኔ አይቻለሁ። እኔ ደግሞ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። የሰው ልጅ አመጣጥ የሚለውን ምዕራፍ በየዓመቱ ሳስተምር ኖሬያለሁ። ያችን ከጎባጣ ጀምራ ቀጥ ብላ የምትጨርስ የሰዎች ሰልፍ ሰሌዳ ላይ ስስል የሚሠራው እጄ ብቻ ነው፤ ሐሳቤ ምሳ ላይ ነው። ምዕራፉ አንድ ቀን ከመጽሐፉ ወጥቶ ለቅሶ ይዞብኝ ቤት ድረስ ይመጣል ብዬ ግን አላሰብኩም።

ነገሩ እንዲገባችሁ ከአባቴ ታላቅ ወንድም መጀመር አለብኝ። እኔ አላውቀውም። በደርግ ጊዜ፣ አባቴ ገና ልጅ እያለ፣ አንድ ጠዋት ጫማውን አጥብቆ አስሮ ወደ አጋሮ ሄደ፤ ያው መሄዱ ነው። ቡና ጫካ ውስጥ ተደበቀ ያለ አለ፣ ተይዞ ተገደለ ያለ አለ፣ ሱዳን ታየ ያለም አልጠፋም። አያቴ ሬሳውን ሳላይ አላለቅስም አለች። ቤቷ ውስጥ ማንም ጥቁር እንዳይለብስ ከልክላ፣ በሩን እያየች ኖራ፣ በሩን እያየች ሞተች። አባቴም እርሙን ሳያወጣ ሸመገለ።

የእድራችን ደንብ በዚህ ጉዳይ ላይ ጥርት ያለ ነው። ሞቱ ላልተረጋገጠ ሰው ጡሩምባ አይነፋም፣ ድንኳን አይተከልም። አባቴ ከቡና መጋዘን ኃላፊነቱ በጡረታ ከወጣ ወዲህ ደጋግሞ ወደ እድሩ ዳኛ ሄዶ ለምኗል። ዳኛው ልብስ ሰፊ የነበሩ የጅማ ነባር ሙስሊም ናቸው፤ ከአባቴ ጋር የልጅነት ጓደኛሞች ቢሆኑም በደንብ ጉዳይ ዝንፍ አይሉም። የጠፋ ሰው የሞተ ሰው አይደለም፣ ነገ ከተፍ ቢል ድንኳንህን ትናንት ነቀልነው ልንለው ነው ወይ ብለው ይመልሱታል። አንድ ቀን ከእሳቸው ዘንድ ሲመለስ በሩ ላይ ቆሞ፣ «እኔም ሳላለቅስለት መሞቴ ነው» ሲል ሰማሁት። ለእኔ የተናገረው አልነበረም፤ ለማንም አልነበረም።

እንዲህ እያለን ነው እንግዲህ በአጋሮ መንገድ፣ ገደል ስር ባለ ዋሻ ውስጥ ፈረንጅ ይቆፍራል የሚል ወሬ የደረሰን። የአካባቢው ሰው መጀመሪያ ጣልያን ቀብሮት የሄደውን ወርቅ ፍለጋ ነው ብሎ ነበር። ቆፋሪዎቹ ግን አካፋቸውን አስቀምጠው በጥርስ ብሩሽ አፈር መጥረግ ሲጀምሩ ተስፋ ቆርጦ ተዋቸው፤ ወርቅ ያየ ሰው በጥርስ ብሩሽ አይቆፍርም። ቀጥሎ የመጣው ወሬ ግን ሌላ ነበር። የሰው አፅም ወጣ ተባለ። አባቴ ይህን የሰማው ፀጉር አስተካካይ ቤት ነው። ግማሹን ተላጭቶ፣ ግማሹን ትቶ መጣና ልበሺ አለኝ።

«አባዬ፣ የት ልንሄድ ነው?» አልኩት።

«አንቺ አጥንት ተምረሽ የለ? ና ብሎኛል።»

ማን ና እንዳለው አልጠየቅኩትም። በግማሽ ፂሙ አጋሮ ድረስ በሚኒባስ ሄድን፤ ተሳፋሪው ሁሉ አንዴ ግራ ጉንጩን፣ አንዴ ቀኝ ጉንጩን እያየ ነበር የተጓዘው።

ዋሻ ስላልኩ ጨለማ እንዳይመስላችሁ። ገደል ስር ያለ ሰፊ ጥላ ነው፤ ከፊቱ ቡና፣ ከበላዩ ዋንዛ። ጉሬዛዎች ዛፉ ላይ ተደርድረው ቁፋሮውን ይከታተላሉ። በእኔ ምዕራፍ መሠረት ጉዳዩ በሩቁም ቢሆን ስለሚመለከታቸው ታዘብኳቸው እንጂ አልፈረድኩባቸውም። ሥራውን የምትመራው ከአዲስ አበባ የመጣች፣ በዕድሜ ከእኔ የምታንስ ዶክተር ነበረች። አብሯት ጆሮው በፀሐይ የተላጠ ፈረንጅ ፕሮፌሰር አለ። አባቴ ኮፍያውን አንስቶ ሰላም ካላቸው በኋላ ወንድሜን ልወስድ መጥቻለሁ አለ።

ዶክተሯ ጨዋ ናት፤ አልሳቀችም። ጉድጓዱ አፍ ላይ አስቀምጣን በግድግዳው ላይ የተደራረበውን አፈር አሳየችው፤ ጥቁር አመድ፣ ከስሩ ቀይ፣ ከቀዩ ስር ግራጫ። ታች ያለው ቀድሞ የመጣ ነው፣ አፅሙ ያለው ከግራጫው ስር ነው፣ አብሮት የተገኘውን ከሰል መርምረን ዕድሜውን እናውቃለን አለችው። አባቴ ዕድሜውን በመጋዘን የፈጀ ሰው ነውና ነገሩ እንደ ተደራረበ ጆንያ ሆኖ ወዲያው ገባው። ግን ተንኮለኛ ሠራተኛ ካለ አዲሱን ጆንያ ከስር ይከተዋል አላት። ያማ ቢሆን ኖሮ ከላይ ያለው አፈር ተቆርጦ ዱካው ይታይ ነበር አለችው። «ዝናብ ይደፍነዋል» አለ አባቴ።

ከዚያ ወደ ጥርሱ ገባ። የሰውዬው የፊት ጥርስ አንዱ የለም። አጎቴ ደግሞ ልጅ ሆኖ ከዘይቱን ዛፍ ወድቆ የፊት ጥርሱን ሰብሯል። አባቴ ይህን ሲያይ ይኸው አለ። ዶክተሯ በቀስታ፣ ሰው በሕይወት እያለ ጥርሱ ከወደቀ ድዱ ውስጥ ያለው አጥንት ይደፈናል፣ የዚህ ግን ቀዳዳው ክፍት ስለሆነ የወደቀው ከሞተ በኋላ ነው ብላ አስረዳችው። አባቴ ይህም አላሳመነው፤ መቼም ወደቀ መቼ፣ የጎደለው ያው ጥርስ ነው አላት። የቀሩት ጥርሶች ምግብ ውስጥ በነበረ አሸዋ እኩል ተሞርደዋል ስትለው፣ ወንድሜም ተኝቶ ጥርሱን ያፋጭ ነበር አለ። ያን ዕለት ለማንኛውም ነገር መልስ ነበረው። እኔ ፈተና ላይ እንደዚህ የሚመልስልኝ ተማሪ አግኝቼ አላውቅም፤ መልሱ ሁሉ ስሕተት ሆኖ አንዱም አይያዝም።

በመጨረሻ ዶክተሯ ከጆሮው ጀርባ ያለውን ጠንካራ አጥንት አሳየችን። የሰው የዘር ምልክት፣ እኛ ክፍል ውስጥ ዲኤንኤ የምንለው፣ ከሁሉም ይልቅ እዚያ ውስጥ ተጠብቆ ይቆያል። ከዚያ ትንሽ ዱቄት ወስደን እንመረምራለን እያለች ሳለ አባቴ ጆሮ የሚለውን ብቻ ሰማ። ማንም ሳይዘው ጎንበስ አለና ወደ ራስ ቅሉ ጆሮ አንድ ነገር ማንሾካሾክ ጀመረ። ፕሮፌሰሩ እጁን እያወናጨፈ ሮጦ መጣ። ለካ የሕያው ሰው ትንፋሽ ምራቅ አለበት፣ ምራቁ ምርመራውን ያበላሻል። አባቴን በብብቱ ይዘን ከጉድጓዱ አወጣነው። ምን ብለህ ነው የነገርከው ብዬ ብጠይቀው የቤተሰብ ነው አለኝ።

ዶክተሯ እሱን ለማረጋጋት ነው መሰለኝ፣ ከሕያዋን ሰዎች ምራቅ ወስደው ከሰውዬው ጋር ሊያመሳክሩ ማሰባቸውን ነገረችው። ከዚህ በኋላ አባቴን የሚያቆመው አልነበረም። ጅማ እንደገባን የቀረ ፂሙን እንኳ ሳይላጭ እድርተኛውን ቤት ለቤት እየዞረ ምራቅ ለመነ። በተቀጠረው ረቡዕ የቀበሌው አዳራሽ በሽማግሌና በባልቴት ሞላ፤ ዳኛውም ቆፍያቸውን አድርገው ከፊት ተቀመጡ።

ችግሩ ትልቅ ሰው በትልቅ ሰው ፊት አይተፋም። ለየአንዳንዱ ትንሽ ብልቃጥ ተሰጥቶ እስከ ምልክቱ ሙሉ ሲባል የተከበረ ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ በጋቢው ተሸፈነ። አረፋው አይቆጠርም ተባለ። ቁርሱን በልቶ የመጣው ወደ ኋላ ተላከ። አፍ ደግሞ ሲፈልጉት ይደርቃል። ዶክተሯ ሎሚ አስቡ ብትልም ሎሚው አልሠራም። ያኔ የእድሩ ጡሩምባ ነፊ፣ ድምፁ ከአወቱ መንደራ ኮረብታው ላይ ያለው ጅሬን ድረስ የሚሰማ ሰውዬ፣ ተነሥቶ ስለ ክትፎ መናገር ጀመረ፤ ቅቤው፣ ሚጥሚጣው፣ አይቡ። ረቡዕ ነውና ክርስቲያኖቹ ጾማችንን አስፈታኸን ብለው ተቆጡት። ብልቃጡ ግን ሞላ።

ከብዙ ወራት በኋላ፣ እኔ ነገሩን ረስቼው፣ ዶክተሯ ውጤቱን ለሕዝቡ ለመንገር ተመለሰች። ቃሏን ጠብቃ መምጣቷን ባመሰግንም፣ በመጣችበት ሰዓት ግን እስከ ዛሬ አዝናለሁ። ከሰዓት በኋላ ነበር። ፕሮጀክተር ተተከለ፣ መጋረጃ ተዘጋ፣ የዋሻው ሰውዬ ራስ ቅል የግድግዳ ያህል ሆኖ ወጣ። ወንድ ነው፣ ወጣት ነው፣ የሞተው ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ነው አለች። ከዚያ ስለ ዘር ሐረግ አስረዳች። ወደ ኋላ በሄድን ቁጥር የሁላችን አያቶች እየተገናኙ ይመጣሉ፣ ከዚህ አዳራሽ ማንም ቢሆን ከዚህ ሰው ጋር አይዛመድም ማለት አይቻልም አለች። ጥሩ ትምህርት ነበር። እኔ እንዲያውም ለክፍሌ ልሰርቀው አስቤ ነበር።

አባቴ ተነሣ። «የእኔም ዘመድ ነው?» አላት።

«የእርስዎም ነው፣ አባባ። የእኔም ነው።»

አባቴ ቁጭ አለና ጋቢውን ራሱ ላይ ሳበ።  ኋላ በኩል አንዲት እናት ደረታቸውን ሲመቱ ተሰማ። በዚያች ቅጽበት ነው ዶክተሯ ምን እንዳደረገች የገባኝ፤ እሷ ሳይንስ ያስረዳች መስሏት መርዶ አርድታ ነበር። ዳኛው በዱላቸው ተመርኩዘው ተነሡ፤ ያስቆጣቸው ከሰውዬው ሞት ይልቅ አነጋገሩ ነው።

«ልጄ፣ መርዶ እንዲህ አይነገርም» አሏት። «በጠዋት ነው፤ ለዚያውም ዘመድ ተመካክሮ። ማሎ፣ እባክሽ፣ ልበ ደካማ ቢኖርስ? በሲኒማ ይነገራል?»

ዶክተሯ ስለ ምን እንደሆነ ሳይገባት ይቅርታ ጠየቀች። ይቅርታውም ጉዳዩን አጸናው።

በማግስቱ እድሩ ተሰበሰበ። አባቴን አጅቤ ሄድኩ፤ አጅቤ ስል ላስቆመው ነበር። አባቴ ቆሞ ዘመድ እንደሞተበትና ድንኳን እንደሚፈልግ አመለከተ። ጡሩምባ ነፊው መጀመሪያ የጠየቀው ሰውዬው ጅራት ነበረው ወይ ብሎ ነው፤ ጅራት ላለው አልነፋም አለ። እኔ ተነሥቼ አካሉ እንደ እኛው መሆኑን፣ ዛሬ ሱሪ ቢለብስና መርካቶ ቢገባ ማንም ዞር ብሎ እንደማያየው ተናገርኩ። ይህን ባልናገር ኖሮ ነገሩ እዚያው ይቆም ነበር። ቀጥሎ የዝምድናው ደረጃ ተነሣ። ደንቡ አያት ድረስ ይፈቅዳል፤ ከዚያ በላይ ማን ይኖራል ብሎ የጻፈ የለም። የአያት አያትም አያት ነው ተብሎ ታለፈ። ሞቱ ቆይቷል የሚል ተቃውሞ መጣ። ለቅሶ የሚቆጠረው መርዶው ከተሰማበት ቀን ነው ተብሎ እሱም ወደቀ።

እኔ የመጨረሻ ሙከራዬን አደረግሁ። በዚህ ሂሳብ ከሄድን ከጥንት ጀምሮ የሞተ ሰው ሁሉ ዘመዳችን ነው፣ ታዲያ በየቀኑ ድንኳን ልንተክል ነው ወይ አልኩ። ዳኛው በትዕግሥት ሰሙኝ።

«ልክ ነሽ» አሉኝ። «የሌሎቹን ግን መርዶ አልሰማንም። የዚህን ሰማን። ሞቱስ ቢሆን ወላሂ፣ በማሽን የተረጋገጠ ሞት በዚህ እድር ገጥሞን ያውቃል?»

አባቴ መሬት መሬት ያይ ነበር። ዳኛው እሱን አየት አድርገው ተፈቅዷል አሉ።

ከባዱ ነገር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሐዘንተኛ ወንበር አይሸከምም፣ ንፍሮ አይቀቅልም፤ ይቀመጣል፣ ሰው ያጽናናዋል። የተፋው ሁሉ ደግሞ ሐዘንተኛ ነው። ድንኳን ተካዮቹም ተፍተዋል፣ ጡሩምባ ነፊውም ተፍቷል፣ ዳኛውም ተፍተዋል። ታዲያ ማን ተክሎ፣ ማን አልቅሶ፣ ማን እግዜር ያጽናህ ይበል? ፈረንጁ ይምጣ ያለ ነበር፤ እሱም በዶክተሯ ንግግር መሠረት የልጅ ልጅ ነው ተብሎ ተሻረ። መላው ዓለም ሐዘን ተቀምጦ አጽናኝ ጠፋ። ብዙ ከተወዛገቡ በኋላ መፍትሔው ከዳኛው መጣ፤ ጅሬን ያለው እድር ምራቅ አልሰጠም። ያልተፋ ሰው ዝምድናው ስላልተረጋገጠ መጥቶ ሊያጽናና ይችላል። ስለ ጸሎቱም ተጠየቀ። ከእናንተም ከእኛም በፊት የነበረ ነው፣ ፈጣሪው ያውቀዋል፣ ሁሉም በልቡ ይበል አሉ።

ድንኳኑን የጅሬን ሰዎች ተከሉልን። ጡሩምባው ጠዋት ሲነፋ ነፊው ስም አጥቶ፣ ያ የዋሻው ሰውዬ አርፏልና ውጡ ብሎ ለፈፈ። ሰው ወጣ። ከጅሬን የመጡ አንድ ሽማግሌ አጽናኞች አግዳሚ ላይ ተቀምጠው፣ ሟቹ ማን እንደሆነ ከጎናቸው ካለው ሰው በደንብ ከሰሙ በኋላ፣ ይህማ የእኔም አያት ነው ብለው ተነሥተው ወደ ሐዘንተኞች መደዳ ተዛወሩ። ዳኛው፣ «እርስዎ አልተፉም፣ ይመለሱ» ብለው መለሷቸው። እኔ አልተፋሁምና ንፍሮ እያዞርኩ ሳቄን በነጠላዬ እይዛለሁ።

ሳቄ ግን አልቆየም። ለቅሶው መሬት ያዘ። በሰው ለቅሶ የራስን ማልቀስ ድሮም ያለ ነው፤ ያን ቀን ግን የሟቹ ፊት ስለማይታወቅ ሁሉም የራሱን ሰው ፊት ሰጠው። እኚያ አዳራሹ ውስጥ ደረታቸውን የመቱት እናት በባሕር ሄዶ ድምፁ ስለጠፋ ልጃቸው አለቀሱ። ጡሩምባ ነፊው ስለማን እንደሆነ አልነገረም፤ ያ ትልቅ ድምፁ ግን ቀጥኖ ነበር። አባቴ ከሁሉም መሃል ተቀምጦ እንባው በጉንጩ እየወረደ፣ አንዴም አያቴ አላለም። ወንድሜ፣ ታላቄ ነበር የሚለው።

ዶክተሯና ፕሮፌሰሩ የመጡት እኩለ ቀን ላይ ነው፤ አጋሮ ሆነው ሰምተው። ፕሮፌሰሩ ድንኳን ደፍ ላይ ሲደርስ ንፍሮ እጁ ላይ ተደረገለትና ምን እንደሚያደርግበት ጠፍቶት ይዞት ቆመ። ዶክተሯ ፊቷ አመድ መስሏል። ክንዴን ይዛ ወደ ጥግ ወሰደችኝ። እንዲህ ማለቷ እንዳልነበረ፣ ሰውዬው ለማንም ቅርብ ዘመድ እንዳልሆነ፣ የአባቴ ወንድም ደግሞ በምንም መንገድ ሊሆን እንደማይችል፣ ሽማግሌን በስሕተት ማስለቀስ እንቅልፍ እንደሚነሣት ነገረችኝ። ወይ አንቺ ንገሪያቸው፣ ወይ እኔ ልንገራቸው አለች። እኔ እነግረዋለሁ አልኳት። ልጁም ነኝ፣ አስተማሪም ነኝ፤ ከሁለቱ በአንዱ የእኔ ሥራ ነው ብዬ።

ከአባቴ ጎን ቁጢጥ አልኩ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ሁሉንም ነገርኩት፤ አፈሩን፣ ከሰሉን፣ ምራቁን።   ስጨርስ በጋቢው ጫፍ ዓይኑን ጠረገና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ሞኝ መሰልኩሽ?» አለኝ። «ወንድሜ እንዳልሆነማ መች ጠፋኝ። ያለ ሞት ድንኳን የለም ብለውኝ ኖርኩ። እኔ ሞቱን ከየት ላምጣ? ይህ ሰውዬ የሚያለቅስለት የለው፣ እኔ የማለቅስበት የለኝ። ሞቱን አዋሰኝ። ይኸው ነው።»

 አባቴ አግዳሚው ላይ ጥቂት ፈቀቅ ብሎ ቦታ ሰጠኝ።

«አሁን ዝም በይና አልቅሺ። አጎትሽ ነው» አለኝ።

አለቀስኩ። በሕይወቴ አንድ ቀን አይቼው ለማላውቅ ሰው፣ ተማሪዎቼ ድንኳን ደጃፍ ቆመው እያዩኝ፣ ሳላፍር አለቀስኩ። ዶክተሯ ከሩቅ አየችንና ልትናገር የመጣችውን ተወችው። ነጠላ ተውሳ ከሴቶቹ መሃል ተቀመጠች።

ሲመሻሽ የጅሬን ሰዎች ወንበር መሰብሰብ ጀመሩ። ዳኛው ለመሰናበት ዱላቸውን ይዘው በመደዳው ሲያልፉ ለእያንዳንዱ ሐዘንተኛ፣ አያታችንን ፈጣሪ ይማርልን ይሉ ነበር። አባቴ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። 

«ታላቅህን አላህ ይርሐመው» አሉት።

አባቴ ሊነሣ ሞክሮ አልቻለም። ተቀምጦ እጃቸውን ያዘና አሜን አለ።